በነባር የሥራ ካቢኔት ላይ የማይረግብ የራውተር ጠረጴዛ አሠራር

በፒያሳና በአራት ኪሎ ዙሪያ ባሉ አሮጌ ግቢዎች የሚሠራ አናጢ ከመሣሪያ እጥረት ይልቅ የሚፈትነው የቦታ ጥበት ነው። የእኔ የሥራ ቤት 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች አንዲት ክፍል ስትሆን፣ ባንኮው፣ ክብ መጋዙና የመሣሪያ ካቢኔቱ ከገቡ በኋላ ሌላ ጠረጴዛ የሚቆምበት ወለል አልተረፈም። ይሁንና ራውተሩን፣ ማለትም በፍጥነት በሚዞር ስለት (ቢት) እንጨት የሚቦረቡረውንና ጠርዝ የሚቀርጸውን የኤሌክትሪክ ማሽን፣ ጠረጴዛ ላይ መግጠም ግድ ነበር። ራውተርን በእጅ ይዞ በእንጨቱ ላይ መንዳት ለሰፊ ጣውላ ያገለግላል፤ 4 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው የመስኮት ክፈፍ ላይ ሲሆን ግን ማሽኑ የሚያርፍበት ስለማያገኝ ያዘነብላል፣ ጠርዙንም ይበላዋል። ማሽኑ ተገልብጦ ከጠረጴዛ ሥር ሲታሰር ማሽኑ ይቆማል፣ እንጨቱ ይሄዳል፤ ሁለቱም እጆች እንጨቱን ለመምራት ነጻ ይሆናሉ። ስለዚህ ካቢኔቱን ራሱን ጠረጴዛ ለማድረግ ወሰንኩ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልሠመረም። የካቢኔቱን የራሱን 16 ሚ.ሜ. ቺፕውድ ገበታ ቀድጄ ራውተሩን በቀጥታ አንጠለጠልኩበት። ለጥቂት ወራት ደህና ሠራ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ የበር ክፈፍ ስሠራ ግን ቦዩ ጫፎቹ ላይ 10 ሚ.ሜ.፣ መሐሉ ላይ 8 ሚ.ሜ. ተኩል ሆኖ ወጣ። የብረት ማስመሪያ በገበታው ላይ በጠርዙ አቁሜ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ከማዶ ያለው የበሩ ብርሃን ከማስመሪያው ሥር ገብቶ ይታያል፤ ገበታው በማሽኑ ክብደትና በእርጥበቱ ምክንያት መሐሉ ላይ ረግቧል። ረጅም እንጨት ጉድጓዱን ተሻግሮ ሲያልፍ ቢቱ ያነሰ ይቆርጣል፣ ጫፉ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የበለጠ ይቆርጣል። ያኔ የተረዳሁት የዚህ ጠረጴዛ ትክክለኛነት በገበታው ጥንካሬና በጠፍጣፋነቱ ላይ የቆመ መሆኑን ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው አሠራርም አብዛኛውን ድካም እዚያ ላይ ያውላል።

ካቢኔቱን መመርመር

ሥራው የሚጀምረው በመለካት ነው። ካቢኔቱ በውስጥ በኩል ቢያንስ 45 ሳ.ሜ. ስፋትና 45 ሳ.ሜ. ጥልቀት ሊኖረው፣ ከገበታው ሥር እስከ መጀመሪያው መደርደሪያ ድረስም ቢያንስ 40 ሳ.ሜ. ባዶ ቦታ ሊገኝበት ይገባል፤ ትልልቆቹ ራውተሮች ተገልብጠው ሲሰቀሉ 30 ሳ.ሜ. ያህል ይወርዳሉ፣ በዚያ ላይ ገመዱና እጅ የሚገባበት ክፍተት ያስፈልጋል። መሳቢያ ያለው ካቢኔት ከሆነ የላይኞቹን አንድ ወይም ሁለት ማውጣት አይቀርም። የወጣው መሳቢያ ፊት ግን አይጣል፤ በማጠፊያ ተመልሶ ሲሰቀል የራውተሩ ክፍል በር ይሆናል። አዲሱ ገበታ ከተጨመረ በኋላ ከወለል ያለው ከፍታ ከ88 እስከ 95 ሳ.ሜ. ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይመቻል።

ቀጥሎ ካቢኔቱን ከላይ በሁለት እጅ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፉት። ከወዛወዘ ችግሩ በአብዛኛው ከጀርባው ነው፤ የተገዙ ካቢኔቶች ጀርባ 3 ሚ.ሜ. በሆነ ስስ ሉህ በምስማር ብቻ የተመታ ነው። ያንን አውልቆ በ12 ሚ.ሜ. ኮምፔርሳቶ መተካት፣ ኮላ ቀብቶ በየ15 ሳ.ሜ. በእንጨት ብሎን ማሰር፣ ከሁሉም ጥገናዎች ይበልጥ ካቢኔቱን ያጸናዋል። ጀርባው ከመታሰሩ በፊት ሁለቱ ሰያፎች ይለኩና እኩል እስኪሆኑ ካቢኔቱ ይስተካከል፤ ኮላው ከደረቀ በኋላ የተንጋደደ ሳጥን አይቃናም።

የአሮጌ ቤት ወለል፣ ሲሚንቶም ይሁን ጣውላ፣ እኩል አይደለም። በአራቱም የታች ማዕዘኖች 12 ሚ.ሜ. ብሎን ከነዳዶው ቢገጠም፣ ዳዶውን በማዞር ብቻ ካቢኔቱን በውሃ ልክ ማስተካከል ይቻላል። የታችኛው መሳቢያ ደግሞ የብረት ዕቃ ማስቀመጫ ይሁን። ከ30 እስከ 40 ኪሎ የሚመዝን ብረት ከታች ሲቀመጥ ንዝረቱ በግልጽ ይቀንሳል።

ገበታው

ለገበታው እኔ የምመርጠው ሁለት 18 ሚ.ሜ. ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ቃጫ ተጨምቆ የተሠራ ሉህ) እርስ በርስ ተጣብቆ 36 ሚ.ሜ. የሚሆነውን ነው። የዋንዛ ጣውላ ያማረ ቢሆንም ለዚህ ቦታ አልመክረውም፤ ማንኛውም ደረቅ እንጨት በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል፣ ይህም በአንድ ዓመት ውስጥ ገበታውን ራውተሩ ከሚታሰርበት ሰሌዳ ጋር ያለያየዋል። ኤምዲኤፍ ሉሁ 122 በ244 ሳ.ሜ. ስለሆነ ከአንድ ሉህ ሁለቱም ንብርብሮች ይወጣሉ፣ እንጨቱ ተደግፎ ለሚያልፍበት መሪና ለአጋዦቹም ይተርፋል። ከመርካቶ ሲገዛ እዚያው በልክ ማስቆረጡ ይበጃል፤ ሙሉ ሉህ በጠባብ መንገድ ተሸክሞ ማዕዘኑን ሳይጎዱ ቤት ማድረስ ከባድ ነው። የገበታው ልክ ከካቢኔቱ በፊትና በጎን ቢያንስ 5 ሳ.ሜ. እንዲወጣ ይደረግ፤ ይህ ትርፍ ጠርዝ ለክላምፕ መያዣ ይሆናል።

ሁለቱ ሉሆች የሚጣበቁበት ወለል ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ገበታው በሚደርቅበት ጊዜ ያረፈበትን ነገር መልክ ይዞ ይቀራልና። እኔ ባንኮው ላይ ሁለት ሲባጎ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ወጥሬ ነው የማረጋግጠው። ሁለቱ ሲባጎዎች መሐል ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ሳይጫነው ለጥቂት ከነካው፣ ከዚያም የላይኛውን ወደ ታች አዙሬ ስወጥር ውጤቱ ያው ከሆነ፣ ወለሉ አልተጣመመም ማለት ነው። ነጩ ኮላ በስስ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ ሉሁን በሙሉ ይሸፍን፣ ሁለቱ ይነባበሩ፣ ዙሪያው በክላምፕ ይያዝ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ይጫንበት። እስከ ማግስቱ አይነካ።

ከደረቀ በኋላ ፎርማይካ በሁለቱም ፊቶች ይለጠፋል። ከታች የማይታየውን ፊት መተው ገንዘብ ይቆጥባል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፤ ነገር ግን አንድ ፊቱ ብቻ የታሸገ ኤምዲኤፍ በሌላው ፊቱ እርጥበት ሲስብ ይጎብጣል፣ የዚያን ጊዜ ያን ሁሉ ድካም ከንቱ ያደርገዋል። ማስቲሹ በሁለቱም ገጾች ይቀባ፣ እጅ ሲነካው የማይጣበቅ እስኪሆን ይጠበቅ፣ ከዚያም ፎርማይካው በቀጫጭን እንጨቶች ላይ ተዘርግቶ እንጨቶቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ይውረድ፤ አንዴ ከነካ ወዲያ ማንቀሳቀስ አይቻልም። የገበታው አራት ጠርዞች ከአሮጌ በር በተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ቢከበቡ ኤምዲኤፉን ከእርጥበትም ከግጭትም ይጠብቁታል። ለብዙ ዓመት በር ሆኖ የኖረ እንጨት መድረቁን ጨርሷል፤ ከአዲስ ባሕር ዛፍ ይልቅ እርሱን ማመን ይሻላል።

ከገበታው ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ሁለት ደጋፊዎች፣ አንዱ በሰሌዳው ቀኝ ሌላው በግራ፣ ይገጠማሉ። 4 በ4 ሳ.ሜ. አንጎላሬ ወይም በጠርዙ የቆመ 4 በ7 ሳ.ሜ. ዋንዛ ይበቃል። ሁለቱም በካቢኔቱ ፊትና ጀርባ ላይ ማረፍ አለባቸው። ገበታው በእነዚህ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ማስመሪያው በስፋት፣ በጥልቀትና በሁለቱም ሰያፍ ይቁምበት፤ ዝቅ ያለ ቦታ ካለ በገበታውና በደጋፊው መካከል ወረቀት እየጨመሩ ካስተካከሉ በኋላ ብቻ ብሎኑ ይጥበቅ።

ሰሌዳውን ማስገባት

ራውተሩ የሚታሰርበት ሰሌዳ 6 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው አሉሚኒየም፣ ልኩ 25 በ30 ሳ.ሜ. ቢሆን ጥሩ ነው። የራውተሩ የራሱ የፕላስቲክ መሠረት ይፈታና በሰሌዳው ላይ ተደርጎ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ምልክት ይደረግባቸው፤ ከመብሳት በፊት ግን የማሽኑ ማቆለፊያ እጀታ ወደ ካቢኔቱ በር የሚዞር መሆኑ ይረጋገጥ። ቀዳዳዎቹ ከላይ በሰፊ ፑንታ ይስፉና የብሎኖቹ ጭንቅላት ከገጹ በታች ይስመጥ። መሐሉ ላይ ያለው የቢት ቀዳዳ ከትልቁ ቢትዎ ጥቂት ይስፋ።

የሰሌዳው መቀመጫ በጥንቃቄ የሚሠራ ነው። ሰሌዳው ገበታው ላይ፣ የቢቱ መሐል ከፊተኛው ጠርዝ 20 ሳ.ሜ. ያህል እንዲርቅ ሆኖ ይቀመጥ። በዙሪያው አራት ቀጥ ያሉ የኤምዲኤፍ ቁራጮች ተጠግተው በባለሁለት ፊት ፕላስተር ይለጠፉ፤ በቁራጩና በሰሌዳው መካከል አንዲት ወረቀት ብቻ ማለፍ አለባት። ሰሌዳው ይነሣና ራውተሩ በእጅ ተይዞ፣ ከላይ ኩሽኔታ ባለው ቀጥ ያለ ቢት፣ የክፈፉን ውስጥ እየተከተለ 7 ሚ.ሜ. ጥልቀት በሁለት ወይም በሦስት ዙር ያውጣ። የሰሌዳው ማዕዘኖች ቢቱ የተወው ክብ እስኪገጥም ድረስ በሞረድ ይስተካከሉ። ከዚያ በኋላ 15 ሚ.ሜ. ያህል መቀመጫ በዙሪያው ቀርቶ መሐሉ በጂግሶው ይወጣል።

መቀመጫው ከሰሌዳው ውፍረት 1 ሚ.ሜ. የጠለቀው በምክንያት ነው። በመቀመጫው ላይ አስቀድሞ ቀዳዳ እየተበሳ ስምንት ትንንሽ የእንጨት ብሎኖች ይገቡና ሰሌዳው በጭንቅላታቸው ላይ ያርፋል፤ እያንዳንዱን በሩብ ዙር በማላላትና በማጥበቅ ሰሌዳው ከገበታው እኩል ይሆናል። የመጨረሻውን ፍተሻ በጥፍር አደርጋለሁ፤ ጥፍር በመጋጠሚያው ላይ ከቀኝ ወደ ግራና ከግራ ወደ ቀኝ ሲሳብ በየትኛውም በኩል መደናቀፍ የለበትም። ጥፍር የያዘው ቦታ እንጨትንም ይይዛል። ከዚያ በኋላ በአራቱ ማዕዘን ብሎን ከነዳዶው አልፎ ሰሌዳውን ወደ ታች ያስረው።

ከፍታውን በክሪክ ማስተካከል

ራውተሩ ሞተሩ በሁለት ዘንጎች ላይ የሚንሸራተት ዓይነት ከሆነ፣ ከጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ በእጅ ከፍ ማድረግ ያደክማል፣ ልክም አይሰጥም። ለዚህ የሚበጀው ትንሽ መቀስ መሰል የመኪና ክሪክ ነው፤ ምን አለሽ ተራ ሲፈለግ አይጠፋም። ሲገዛ ጥርሱ እስከ መጨረሻው ሳይንቀጠቀጥ መዞሩ ይታይ። ክሪኩ የሚቀመጠው በመሳቢያ ላይ ሳይሆን በሁለቱ የካቢኔት ጎኖች ላይ በብሎን በታሰረ ድርብ መደርደሪያ ላይ ነው። የራውተሩ ጸደይ አይውለቅ፤ ክሪኩ ወደ ላይ ሲገፋ ጸደዩ ወደ ታች ስለሚመልስ በጥርሶቹ መካከል ያለው ልቅነት ይጠፋል፣ የሩብ ሚሊ ሜትር ለውጥም ያለችግር ይገኛል። በክሪኩ ራስና በሞተሩ ጫፍ መካከል የተቦረቦረ የእንጨት ቁራጭ ይግባ፤ ሞተሩ አየር የሚስብባቸው ቀዳዳዎች በአብዛኛው ጫፉ ላይ ስለሆኑ መሸፈን የለባቸውም። ከፍታው ከተገኘ በኋላ ምንጊዜም ማቆለፊያው ይጥበቅ፤ ክሪኩ ለማንሣት እንጂ ለመያዝ አይደለም።

መሪው

እንጨቱ ተደግፎ የሚያልፍበት መሪ ብዙ ሰው የሚደክምበት፣ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ቢቱ ክብ ስለሆነ መሪው ከገበታው ጠርዝ ጋር ትይዩ መሆን አያስፈልገውም፤ በየትኛውም ማዕዘን ቢቆም ከቢቱ ያለው ርቀት ብቻ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ አንድ ጫፉ በብሎን እንደ በር ማጠፊያ ይዞር፣ ሌላው ጫፍ በክላምፕ ይያዝ። ቢቱ በመሐል ከሆነ ነጻውን ጫፍ 1 ሚ.ሜ. ማንቀሳቀስ ቢቱ ዘንድ ግማሽ ሚ.ሜ. ብቻ ይለውጣል፤ በውድ ከሚገዛ ማስተካከያ የማይተናነስ ነው። መሪው ራሱ ሁለት የኤምዲኤፍ ቁራጮች በ90 ዲግሪ ተጣብቀው፣ ከኋላ በአራት ሦስት ማዕዘን ደጋፊዎች ተጠናክረው ይሠራል፣ በስኳድራም ይፈተሻል። ከቢቱ ኋላ ቀዳዳ ይውጣና የአቧራ መሳቢያው ቱቦ ይገጠምበት።

በመሪው በግራ በኩል ካለው ገጽ ላይ ቀጭን የፎርማይካ ቁራጭ ተለጥፎ፣ ቀጥ ያለ ቢት ከዚያው ገጽ ጋር እኩል ቢደረግ፣ ጠረጴዛው የጣውላ ጠርዝ ያቃናል። ለመላጊያ ማሽን አቅም ለሌለው ሰው ይህ ብቻውን ድካሙን የሚክስ ነው።

መብራትና አየር

በዚህ ከተማ የሚሠራ ሰው አንድ አደጋን ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። ራውተሩ ከጠረጴዛ ሥር ሲሆን የራሱ ማብሪያ እንደበራ ተቆልፎ ይተዋል። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፣ ሠራተኛው ቢት ለመቀየር ወይም ቦዩን ለመጥረግ እጁን ይሰዳል፣ በዚያች ቅጽበት መብራት ቢመለስ ማሽኑ በራሱ ይነሣል። ስለዚህ በካቢኔቱ ፊት፣ በጉልበት ሊመታ በሚችል ቦታ፣ ኃይል ሲቋረጥ ራሱን የሚያጠፋና ሰው ካልጫነው የማይነሣ ማብሪያ ይገጠም፤ ኮንታክተር ከማስነሻና ከማቆሚያ ቁልፍ ጋር ይህንኑ ያደርጋል። ሥራውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው፣ ሳጥኑ ብረት ከሆነም ከመሬት መስመር ጋር ይታሰር። ይህም ሆኖ ቢት ሲቀየር ሶኬቱ መነቀል አለበት። 1,500 ዋት ራውተር በ220 ቮልት ወደ 7 አምፔር ይስባል፤ የአቧራ መሳቢያው ሲጨመርበት ከ12 አምፔር ሊጠጋ ስለሚችል ሁለቱን በስስ ማራዘሚያ ላይ ማንጠልጠል ገመዱን ያግለዋል።

የኤሌክትሪክ ሞተሮች አቅም በአብዛኛው የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩን የማቀዝቀዝ ኃይሉ ያነሰ ነው፤ በዝግ ካቢኔት ውስጥ ደግሞ ይብሳል። በሩ ላይ ወይም በጀርባው በታች በኩል 5 ሳ.ሜ. ስፋት ያላቸው አራት የአየር ቀዳዳዎች ይውጡ፤ ለአቧራ መሳቢያውም አየር የሚገባበት ከሌለ ቱቦው ምንም አይስብም። ረጅም ሥራ ሲሆን በየ15 ደቂቃው ማሽኑን ማሳረፍ ልማድ ይሁን።

የመጀመሪያው ቆረጣ

ቢቱ በኮሌቱ (የቢቱን ዘንግ ጨብጦ በሚይዘው የማሽኑ አንገት) ውስጥ እስከ መጨረሻው ይግባና 2 ወይም 3 ሚ.ሜ. ወደ ኋላ ይመለስ፣ ከዚያ ይጥበቅ። የ6 ሚ.ሜ. ኮሌት ሩብ ኢንች ቢት አይቀበልም፣ የ12 ሚ.ሜ. ኮሌትም ግማሽ ኢንች አይቀበልም፤ ኢንቹን በሚ.ሜ. ኮሌት በግድ ማስገባት ኮሌቱን ያበላሻል፣ ሚ.ሜ.ውን በኢንች ኮሌት ማሰር ደግሞ ቢቱን ያስመልጣል። ፍጥነቱ በቢቱ ስፋት ይወሰናል። 60 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው ቢት በደቂቃ 24,000 ዙር ቢዞር ጠርዙ በሰዓት ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። እስከ 25 ሚ.ሜ. ድረስ በሙሉ ፍጥነት፣ እስከ 50 ሚ.ሜ. በ18,000 ገደማ፣ ከዚያ በላይ በ12,000 ገደማ መሥራት ይገባል፤ በቢቱ ላይ የተጻፈ ያነሰ ገደብ ካለ እርሱ ይከበር።

እንጨቱ የሚገፋው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ይህ የቢቱን ዙር ተቃውሞ የሚሄድ ስለሆነ ቢቱ እንጨቱን ወደ መሪው ይጫነዋል። ከግራ ወደ ቀኝ ቢገፋ ግን ቢቱ እንጨቱን ነጥቆ ይወረውረዋል፣ እጅም አብሮ ይሳባል። እንጨትን በመሪውና በቢቱ መካከል አስገብቶ ማሳለፍም በተመሳሳይ ምክንያት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ጥልቅ ቦይ በአንድ ጊዜ አይውጣ፤ በአንድ ዙር ከ3 እስከ 4 ሚ.ሜ. ይበቃል፣ ዋንዛ ላይ ይህ የጠርዝ መቃጠልንም ያስቀራል። የክፈፍ አራቱም ጎን የሚቆረጥ ከሆነ መጀመሪያ አጫጭሮቹ ጫፎች ይቆረጡ፤ ጫፍ ሲቆረጥ የሚሰነጠቀውን ረጅሙ ጎን ሲቆረጥ ይወስደዋል። ለአጭር ቁራጭ መግፊያ እንጨት፣ ለኤምዲኤፍ አቧራ ደግሞ ጥሩ የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል።

ለሙከራ አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ጣውላ ይወሰድና 5 ሚ.ሜ. ቦይ ይውጣበት፣ ጥልቀቱም በሁለቱ ጫፍና በመሐል ይለካ። ልዩነቱ ከሩብ ሚ.ሜ. ከበለጠ ወደ ደጋፊዎቹና ወደ ስምንቱ ብሎኖች መመለስ ነው። ከአንድ ሳምንት ሥራ በኋላ ንዝረቱ ያላላቸው ብሎኖች ሁሉ ዳግም ይጥበቁ፤ በየዓመቱም ክረምቱ እንዳለፈ መስከረም ላይ ያው ማስመሪያ በገበታው ላይ ይቁምና ከሥሩ ብርሃን መግባት አለመግባቱ ይታይ።